ሽልማት ለሐሙስ ማታ

አፉላ፤ ረቡዕ ሌሊት። ከመጋዘን ፈረቃዬ ገብቻለሁ፤
ጫማዬን ሳላወልቅ ደብተሬን ገልጫለሁ።
ነገ ማታ ዘንዶው ይሞታል፤ እሱስ ያለቀ ነገር ነው፤
ከሆዱ ሥር ምን ይገኝ? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

ወርቅ እንዳልል ጠግበዋል፤
ባለፈው ሦስት ሣጥን ሰጠኋቸው፤ ቆጥረዋል፣
ተካፍለዋል፣ በየወረቀታቸው ደምረዋል፤
አንድ ዳቦ እንኳ አልገዙበትም።
ለማይራብ ሰው ወርቅ ምን ያደርግለታል? ምንም።
ሰይፍ እንዳልል ሰይፍ በሽ ነው፤ የሚነድ፣ በጨለማ የሚያበራ፤
ኤልያሳፍ ብቻውን ሰባት ታጥቋል፣ አንዱንም በስሙ አይጠራ።

አራት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሕንጻችን ሥር ይወርዳሉ፤
የሚክላቱን የብረት በር በትከሻ ገፍተው ይገባሉ።
(ቁልፉን ከማዘጋጃ ቤት ያገኘሁት "ለወጣቶች ትምህርት" ብዬ ነው፤
አልዋሸሁም፤ ዘንዶ መግደልም የራሱ ትምህርት ነው።)
ጠረጴዛውን የሱፍ ፍሬ ገለባና የእርሳስ ፍቅፋቂ ይሞላዋል፤
ዳይሱ ሲንከባለል ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል።

ለሊታል፣ ለሌባዋ፣ አንድ ቁልፍ፤ በሩ ገና ያልተሠራ።
በቀን የሰው ጥርስ ታጥባለች፤ በሌላው ዓለም ስትዞር
አዲስ ግንብ ባየች ቁጥር ኪሷን ትዳብስ፣ ትጠርጥር።
ለጌናዲ አህያ። አዎ፣ አህያ፤
ባለቤቷ እውነት ሲናገር ብቻ የምትራመድ፣
ሲዋሽ መንገድ መሀል የምትገተር።
ጌናዲ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ዋሽቶ የማይጠግብ ጠንቋይ፤
አንዲት ኮረብታ ለመውጣት ስንት ሐሙስ ይፈጅበት ይሆን?
ለኦሽሪት ዕዳ። የባሕሩ ንግሥት የእሷ ባለዕዳ ናት፤
መቼ እንደምትጠየቅ አታውቅም፤ እንቅልፍ የላት።
ዕዳም ሽልማት ነው፤ ተበዳሪው ሌላ ሲሆን።

የኤልያሳፍ ገጽ ባዶ ነው። ወፍ ሊንጫጫ ነው።

ሁልጊዜ አርፍዶ ይመጣል። "መንገድ ላይ ነበርኩ" ይላል፤
እኛም አንጠይቅም።
ባለፈው ግን ጌናዲ ከመሪው ላይ ሆኖ አየው፤
በጣቢያው አግዳሚ ላይ ቦርሳው ተዘርግፎ፣
እርሳሱ፣ ካርታው፣ አባቱ አቶ ስንሻው የቋጠሩለት ዳቦ፤
ፖሊሱ ባለ ሃያ ፊቱን ዳይስ ወደ መብራት አንሥቶ
"ይህ ምንድን ነው?" ሲለው።
ሃያ ፊት! አንዱ እንኳ አልመሰከረለት።
ልጁ ያለው ደግሞ አንድ ፊት።

ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ።
የጨው ከተማ፤ የምሥራቁ በር፤ ዘበኛው፤
በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ በየሳምንቱ፦ "ማነህ? ከወዴት? ቁም እዚያው!"
ሌሎቹን በእጁ ምልክት ያሳልፋል፤
ጦረኛውን ብቻ ያስቆማል። ሰይፍ ስላለው ነው ብዬ።
ሰይፉን የሰጠሁትም እኔ፤
ዘበኛውን የጻፍኩትም እኔ።

ሐሙስ። ዘንዶው በሊታል ጩቤ ሞተ፤
ዳይሱ ወንበር ሥር ገብቶ በስልክ መብራት ተፈልጎ፣ በመጨረሻ።
ቁልፉን ሰጠሁ፣ አህያዋን፣ ዕዳውን። ሳቁ።
"ለአንተ" አልኩት፣ "ከዘንዶው ሆድ ምንም አልወጣም።
ግን ዛሬ ከከተማዋ በር ስትደርስ ዘበኛው አያስቆምህም።
ከሩቅ ያውቅሃል። ሰይፍህን አያይም።
'ኤልያሳፍ፣ መሸብህ እኮ፤ ግባ፣
ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ' ይልሃል።"

ኦሽሪት የያዘችውን ፍሬ ሳትሰብር ቀረች።
እርሳሱን አነሣ፤ ከሰባቱ ሰይፎች ግርጌ
ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ።
"ሁልጊዜ?" አለ ቀና ሳይል። "ሌሊትም?"
"ሌሊትም" አልኩት።

ጌናዲ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ካርታው ላይ ያቆማትን አህያ አየና
"ተራመደች?" ብሎ ጠየቀኝ።